ለወደቀ ልጅ የተጨበጨበ ጭብጨባ

እ.ኤ.አ. በ2004 ዋሽንግተን ላይ በተካሄደው የስክሪፕስ ብሔራዊ «ስፔሊንግ ቢ» ውድድር የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነዋሪ የሆነ የ13 ዓመት ልጅ «አሎፔኮይድ» የሚል ቃል ደረሰው። ቀበሮ መሰል ማለት ነው። ልጁ ቃሉን ሳይጀምር ራሱን ስቶ መድረኩ ላይ ወደቀ። ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ብድግ አለና ፊደሎቹን አንድም ሳይስት ደረደራቸው፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተቀበለው። ታላቅ ወንድሙ ዴንቨር ላይ ይታተም በነበረውና በ2009 በተዘጋው በሮኪ ማውንቴን ኒውስ ጋዜጣ ድጋፍ ቀርቦ በ2002 አሸንፎ ነበር፤ ታናሹ ሁለተኛ ወጣ።

ያ ምስል እስከ ዛሬ የጽናት አብነት ሆኖ ይታያል። እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖቻችንም ለልጆቻቸው «እይ፣ ወድቆ ተነሣ!» እያሉ ሲያሳዩ አጋጥሞኛል። ልጁን አልመረመርሁትም፤ ሆኖም እንዲህ ያለው አወዳደቅ በአብዛኛው የሚመጣበት መንገድ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ያዘቀዝቃል። ፍርሃት ሲታከልበት ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። መውደቁ ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ ሰውነት ሲጋደም ደሙ ይመለሳል። ስለዚህም የወደቀውን ሰው እግሩን ከፍ አድርገን ለደቂቃዎች እናስተኛዋለን፣ ቀስ ብሎም እንዲነሣ እናዝዛለን። አዳራሹ ያጨበጨበው እንግዲህ ማንኛዋም ነርስ «ኧረ ጋደም በል ልጄ» በምትልበት ቅጽበት ነው።

ለመሆኑ ቴሌቪዥን ከዚህ ውድድር ምን ይፈልጋል? ቃልን ፊደል በፊደል መጥራት ለዐይን የሚታይ ነገር የለውም። ኳስ የለ፣ ሩጫ የለ። የእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮማ ክርክሩ ሁሉ በሀ፣ በሐና በኀ ላይ ባለቀ ነበር፤ ዳኞቹም መስማማታቸው ያጠራጥራል። የሚታይ ነገር ሲጠፋ ካሜራው የልጁን ፊት ይይዛል፤ ትርኢቱም ዕውቀቱ መሆኑ ቀርቶ ፍርሃቱ ይሆናል። ኢኤስፒኤን ከ1994 ጀምሮ ሲያስተላልፈው ኖሮ በ2006 ኤቢሲ ፍጻሜውን ወደ ምሽቱ ዋና ሰዓት ሲያመጣው የተመልካቹ ዐይን ይበልጥ በዛ። ልጆቹም ለመዱት። በጣታቸው መዳፋቸው ላይ ይጽፋሉ፤ የሚያውቁትን ቃል ጭምር ከየት ቋንቋ እንደመጣ ይጠይቃሉ፤ ትንፋሽ የሚገዙት በጥያቄ ነው።

በ1999 ውድድር የተሳተፉ ስምንት ልጆችን የሚከተለው «ስፔልባውንድ» የተባለው የ2002 ዘጋቢ ፊልም ከቴሌቪዥኑ ይሻላል፤ ምክንያቱም ወደ ቤታቸው ይገባል። ከስምንቱ አንዷ የቴክሳስ ልጅ ናት፤ ከሜክሲኮ የመጣው አባቷ እንግሊዝኛ አይናገርም፤ ልጁ የምትጠራውን ቃል አይረዳውም፤ ግን ይኮራባታል። ከእኛ መካከል ይህን አባት የማያውቅ ማን አለ? ነገር ግን ያው ፊልም ቃል ሲጠፋበት ፊቱን የሚያጨማድደውን ትንሽ ልጅ ለሳቅ አቅርቦታል። ያንን ሳቅ አልወደድሁለትም።

የቅኔ ቤታችንን የማነሣው ገነት ነበር ለማለት አይደለም፤ አለንጋው ነበረ፣ ረኃቡም ነበረ። ይሁን እንጂ ቅኔው የተሰበረበት ተማሪ በደወል አይባረርም። የኔታ ያቃኑለታል፤ ነገም ደግሞ ይዞ ይመጣል። ስሕተቱ የትምህርቱ መጀመሪያ ነበር። በስፔሊንግ ቢ ግን አንዲት ፊደል ስትዛነፍ ደወሉ ይመታል፤ ልጁ ከመድረክ ይወርዳል፤ ካሜራውም እንባ ካለ ይከተለዋል።

በ2019 ስምንት ልጆች አብረው አሸነፉ። ቃላቱ ሊያሸንፏቸው አልቻሉም፤ እርስ በርስ እጅ እየተማቱ ሲደሰቱ ላያቸው ሰው በዚያ መድረክ የታየ ምርጥ ሌሊት ነበር። አዋቂዎቹ ግን አንድ አሸናፊ ፈለጉ። በ2021 አዲስ ደንብ ወጣ፤ አሸናፊ ካልተለየ ልጆቹ በ90 ሰከንድ ብዙ ቃል በትክክል በመጥራት ይለያሉ። በ2024 አሸናፊው በዚያች ደቂቃ ተኩል 29 ቃላት በትክክል ጠርቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ90 ሰከንድ ውስጥ የቃልን ትርጉም የሚጠይቅ ልጅ የለም።