የኅዋ በረራ ጨዋታ በፊዚክስ ትምህርት፤ የ«ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

የኒውተንን ሦስት የእንቅስቃሴ ሕጎች በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ማግኘት አያስቸግርም። ይኸው ተማሪ «ሳተላይት ስለ ምን አይወድቅም?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ከስበት ኃይል ክልል ውጭ ስለ ወጣ ነው» ብሎ የሚመልስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መልሱ ስሕተት ነው። ከምድር ገጽ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የስበት ኃይል በመሬት ላይ ካለው 89 በመቶ ያህል ነው። ሳተላይቱ ዘወትር ይወድቃል፤ ነገር ግን ወደ ጎን የሚጓዝበት ፍጥነት እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ በወደቀ መጠን ክብ የሆነችው ምድር ከሥሩ ትጎብጥበታለች። ይህን ጽንሰ ሐሳብ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ ማስጨበጥ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ የፊዚክስ መምህራን ያውቁታል።

ይህን ችግር ለማቃለል ይረዳሉ ተብለው ከሚጠቀሱት መሣሪያዎች አንዱ «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ጨዋታው በፌሊፔ ፋላንጌ ዋና ንድፍ አውጪነት፣ በሜክሲኮ ከተማ ይሠራ በነበረው ስኳድ በተባለ ድርጅት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙሉ እትሙም በ2015 ወጣ። ለመማሪያ ክፍል እንዲስማማ ሆኖ የተዘጋጀ ልዩ እትምም ቲቸርጌሚንግ በተባለ የፊንላንድ ድርጅት አማካይነት ቀርቦ ነበር። ይህ ጽሑፍ ጨዋታው ምን እንደሚያስተምር፣ ምን እንደሚሸፍንና መምህሩ በምን ሁኔታ ቢገለገልበት ፍሬ እንደሚሰጥ ይመረምራል።

፩. ጨዋታው የሚያስተምረው

ተጫዋቹ ሞተርን፣ የነዳጅ ታንክንና የሠራተኞች ክፍልን ገጣጥሞ ሮኬት ይሠራል፤ ከዚያም «ከርቢን» ከተባለች ምናባዊ ፕላኔት ያስወነጭፋል። የከርቢን ሬዲየስ 600 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የምድርን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በገጿ ላይ ያለው የስበት ሽምጠጣ ግን እንደ ምድር ሁሉ 9.81 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው። ከባቢ አየሯ በ70 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያበቃል።

ጀማሪ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ሮኬቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይሰዳል። ሮኬቱም 100 ኪሎ ሜትር ይወጣና ተመልሶ ይወድቃል። ተማሪው ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ፣ በምሕዋር ላይ ለመቆየት ከፍታ ብቻ እንደማይበቃና ወደ ጎን የሚያስጉዝ ፍጥነት እንደሚያስፈልግ ይረዳል። በከርቢን ዙሪያ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለሚደረግ ክብ ዙረት ይህ ፍጥነት 2,246 ሜትር በሴኮንድ ያህል ነው። በመግቢያው የጠቀስነው የተሳሳተ መልስ በዚህ መንገድ ከሥሩ ይነቀላል፤ የጨዋታውም ትልቁ ብርታት ይህ ነው።

ሁለተኛው ብርታት ሁለት መንኮራኩሮችን በምሕዋር ላይ በማገናኘት ሥራ ይታያል። በጁን 1965 የጄሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት፣ ያመጠቀቻቸውን የታይታን ሮኬት ባዶ ክፍል ለመቅረብ ሞክሮ ነበር። መንኮራኩሩን ወደ ዒላማው አቅጣጫ በገፋ ቁጥር ግን መቅረቡ አልሳካ አለው፤ ነዳጁም እያለቀ በመሄዱ ሙከራው ተቋረጠ። ምክንያቱ ከምሕዋር ሕግ የሚመነጭ ነው። ወደ ፊት የሚገፋ መንኮራኩር ምሕዋሩ ይሰፋል፤ የሰፋውን ምሕዋር ለመዞር ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድበት ወደ ኋላ ይቀራል። ከፊት ያለውን ለመያዝ የሚሻ አስቀድሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር መውረድ ይኖርበታል። ባዝ አልድሪን በ1963 ለማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በዚሁ የመገናኘት ጥበብ ላይ ያተኮረ ነበር። በዲሴምበር 1965 ጄሚኒ 6ኤ ወደ ጄሚኒ 7 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ የቀረበችው ጉዳዩ በሚገባ ከተጠና በኋላ ነው። ማክዲቪትን የገጠመው ግራ መጋባት ዛሬ በጨዋታው ላይ ለሚቀመጥ ወጣት ሁሉ ይገጥመዋል፤ መፍትሔውንም በእጁ እየሞከረ ይደርስበታል።

፪. ዕቅድና ግምት

ይሁንና ጨዋታው የኅዋ ጉዞ ዕቅድን ያስተምራል የሚለው አባባል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የዕቅድ መሠረቱ ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው የሮኬት ቀመር ነው። በዚህ ቀመር መሠረት ሮኬቱ የሚያገኘው የፍጥነት ለውጥ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት ሙሉ መጠነ ቁስ ለባዶ መጠነ ቁስ ተካፍሎ በሚገኘው ውጤት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሲባዛ ነው።

ለምሳሌ በጨዋታው ውስጥ «ቴሪየር» የተባለው ሞተር በባዶ ኅዋ ጋዙን በ3,383 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይተፋል። ባዶውን 2 ቶን የሚመዝን መንኮራኩር 2 ቶን ነዳጅ ቢጫን ፍጥነቱን በ2,345 ሜትር በሴኮንድ ገደማ ሊለውጥ ይችላል። ይህን እጥፍ አድርጎ 4,690 ለማድረስ ነዳጁን እጥፍ ማድረግ አይበቃም፤ 6 ቶን፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ነዳጅ ያስፈልጋል። ይህም ተጨማሪው ታንክ ራሱ ምንም አይመዝንም ብለን ነው። ሮኬት በየደረጃው እየተከፋፈለ ባዶ አካሉን የሚጥልበት ምክንያት ከዚህ ስሌት ግልጽ ይሆናል።

ተማሪው ግን ይህን ስሌት ሳይነካ ጨዋታውን ሊያሸንፍ ይችላል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ከ2018 ማብቂያ ወዲህ ጨዋታው የእያንዳንዱን ደረጃ የፍጥነት ለውጥ አስልቶ በማሳየቱ ነው፤ ቀደም ሲል ተጫዋቹ ወይ በወረቀት ያሰላ፣ ወይ በፈቃደኞች የተዘጋጀ ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ያልተሳካን በረራ በአንድ ቁልፍ ሰርዞ ወደ መነሻው መመለስ መቻሉ ነው። ነዳጅ ያነሰው ተማሪ ታንክ ይጨምራል፤ የከበደው ሞተር ይጨምራል፤ እስኪሳካም ይደጋግማል። ዕቅድ ማለት ከመነሣት በፊት መወሰን ነውና፣ ዋጋ የሌለው ስሕተት ከሚደጋገምበት ሥራ የሚገኘው ልምድ እንጂ ዕቅድ አይደለም። ውድቀት አለማሳፈሩ ለመማር ድፍረት እንደሚሰጥ አይካድም፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይጠየቅ የታለፈ ውድቀት ዕውቀት አይጨምርም።

፫. ጨዋታው የሚሸፍነው

ጨዋታው ስሌቱን ለማቅለል ሲል መንኮራኩሩ በአንድ ጊዜ በአንድ አካል ብቻ እንዲሳብ ያደርጋል። ከርቢንን ለቆ ወደ ጨረቃዋ ክልል ሲገባ የከርቢን ስበት ፈጽሞ ይቋረጣል። ከዚህም ሌላ ፕላኔቶቹ ፍጹም ድቡልቡል እንደ ሆኑ ተቆጥረዋል። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው፤ ለአገራችን ተማሪ ግን ልዩ ትርጉም ያለው ጉድለት ያስከትላል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ኅዋ የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ የተመደበችው ከፀሐይ ጋር በተጣጣመ ምሕዋር ላይ ነበር። የዚህ ዓይነት ሳተላይት አንድን ሥፍራ ዘወትር በተቀራራቢ የቀን ሰዓት ስለሚያልፍ፣ በተለያዩ ቀናት የተነሡ የእርሻና የደን ምስሎችን ማነጻጸር ይቻላል። ይህ የሚሆነው ምድር ፍጹም ድቡልቡል ባለመሆኗ ነው። የምድር ወገብ ሬዲየስ ከዋልታው በ21 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ይህ እብጠት የምሕዋሩን ገበታ በቀን አንድ ዲግሪ ገደማ ያዞረዋል፤ በዓመትም አንድ ሙሉ ዙር ያስሞላዋል። በጨዋታው ዓለም ይህ ኃይል የለም። የራሳችን ሳተላይት የተጓዘችበት ምሕዋር በከርቢን ዙሪያ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። «ፕሪንሲፒያ» የተባለው በፈቃደኞች የተሠራ ተጨማሪ ክፍል ይህን የመሰሉ ጉድለቶችን ለመሙላት ይረዳል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ይከብዳል።

፬. ለመምህሩ የሚሆን አስተያየት

ከላይ ከተጠቀሰው በመነሣት ሦስት ነጥቦችን እናቀርባለን። በመጀመሪያ፣ ተማሪዎች ከማስወንጨፋቸው በፊት የሚጠብቁትን ውጤት በቁጥር ጽፈው ለመምህሩ ያስረክቡ። ሁለተኛ፣ የሙከራው ብዛት በአንድ ክፍለ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ይወሰን፤ በመካከሉም በተገመተውና በተገኘው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ምክንያቱ በቡድን ይመርመር። ይህ ለአንድ ክፍል አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ባለበትም ይሠራል፤ የሚበዛው ሥራ በወረቀት ላይ ስለሚሆን። ሦስተኛ፣ በትምህርቱ ማብቂያ ጨዋታው የተዋቸው የተፈጥሮ ጠባያት በግልጽ ይነገሩ፤ የኢቲአርኤስኤስ-1 ምሕዋርም ምሳሌ ሆኖ ይቅረብ።

ማጠቃለያ

«ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» የምሕዋርን ጠባይ በማስጨበጥ ረገድ ከመጽሐፍ ሥዕል እጅግ ይልቃል። የሮኬትን ቀመርና የጉዞ ዕቅድን በማስተማር ረገድ ግን ብቻውን ደካማ ነው። ስለዚህ ቦታው የቤተ ሙከራ እንጂ የመምህር ሊሆን አይገባም። ሮኬቱ ምሕዋር ላይ ሲደርስ ክፍሉ በደስታ ያጨበጭብ ይሆናል፤ ትምህርት መገኘቱ የሚታወቀው ግን ተማሪው በታንኩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚተርፍ አስቀድሞ የጻፈው ቁጥር እውነት ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም ስለ ምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ሲችል ነው።