አልማዝ ባለጭራ በአውሮራ፦ የአማርኛ ፈሊጥ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር

ፈሊጥ ፍቺው ከቃላቱ ድምር የማይገኝ አነጋገር ነው። ቻይናውያን ሰውን ሲያበረታቱ «ጂያዮ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ዘይት ጨምር» ሲሆን ቁም ነገሩ «አይዞህ፣ በርታ» ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቃል በቃል የተተረጎመውን ቅርጽ የእንግሊዝኛ ቃል አድርጎ መዘገበው። ቻይናዊው ተርጓሚ የን ፉ ደግሞ በ1898 ለትርጉም ሦስት መለኪያ አስቀምጦ ነበር፦ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ውበት። የቻይናዋ ኩንሚንግም አክሱምም እህት ከተማዎቿ በሆኑላት በአሜሪካዋ ዴንቨር፣ እንዲሁም በጎረቤቷ አውሮራ፣ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ፈሊጥ እንዴት ይተርጎም የሚለው ጥያቄ በየዕለቱ ይነሣል። መልሱ ግን እንደየቦታው ይለያያል።

በምግብ ቤት ቃሉ ራሱ ይሻገራል። በሃቫናና በኮልፋክስ ጎዳናዎች ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እንጀራ፣ ክትፎና ጥብስ ስማቸውን እንደያዙ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ማብራሪያው ከሥር ይከተላል። «ዶሮ ወጥ» «የዶሮ ሾርባ» ቢባል ሽንኩርቱም በርበሬውም ይቀራል። «ጉርሻ» ግን ሁለት ፍቺ አለው፦ በፍቅር በእጅ የሚሰጥ ጉርስና ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብ። ስለዚህ ተርጓሚው በየትኛው ፍቺ እንደተነገረ ሳያጣራ ሊያሻግረው አይችልም።

በሐኪም ቤት መሻገር ያለበት ሕመሙ ነው። «አልማዝ ባለጭራ» የነርቭን መሥመር ተከትሎ በአንድ ወገን የሚወጣ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ነው፤ ቃል በቃል ቢተረጎም የከበረ ድንጋይ ይሆናል። «ደም ብዛት» የደም መብዛት ሳይሆን የደም ግፊት ነው። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያለ ሰው የፈራ እንጂ ጨጓራውን የታመመ አይደለም። «ምች» ደግሞ በእንግሊዝኛ አቻ የለውም። ትኩሳትን፣ ራስ ምታትንና የከንፈር ቁስልን በአንድነት ይይዛል፤ መንሥኤውን ለፀሐይ ይሰጣል፤ መድኃኒቱንም ዳማ ከሴ ያደርጋል። አስተርጓሚው በገዛ እጁ የበሽታ ስም ከሰጠው የሐኪሙን ሥራ ወሰደ ማለት ነው። ቃሉ እንዳለ ቀርቦ በሽተኛው ምልክቱን እንዲዘረዝር ቢጠየቅ ይሻላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ጠዋት ሦስት ሰዓት» በአሜሪካ ዘጠኝ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ መድገም የመድኃኒት መውሰጃ ሰዓትን በስድስት ሰዓት ያዛባል።

በፍርድ ቤት ሚዛኑ ወደ ታማኝነት ያደላል። አስተርጓሚው መጨመርም፣ መቀነስም፣ ማሳመርም አይፈቀድለትም። ይሁን እንጂ «አፈር ስሆን» የሚለው ልመና ቃል በቃል ቢነገር የሞት ወሬ ይመስላል። «አንጀቴን በላኝ»ም «አሳዘነኝ» መሆኑ ይጠፋል። ከሁሉ የሚከብደው ተውላጠ ስሙ ነው። አንድ ምስክር «አንተ ብሎ ሰደበኝ» ቢል፣ እንግሊዝኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ስድቡ የት እንዳለ ዳኛው አያየውም። እዚህ ላይ የሙያው ደንብ መውጫ አለው፦ አስተርጓሚው ራሱን «አስተርጓሚው» ብሎ በሦስተኛ መደብ እየጠራ ለማብራራት ፈቃድ ይጠይቃል።

ከሦስቱ ቦታዎች እንደሚታየው «አይተረጎምም» የሚባለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አቻ ቃል ብቻ ነው፤ ማብራሪያ ሲያገኝ ይሻገራል። ማብራራት ግን ሁለቱን ቋንቋዎች ከመናገር የተለየ ችሎታ ነው። አውሮራ ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛም እንግሊዝኛም አቀላጥፎ ይናገር ይሆናል፤ «አልማዝ ባለጭራ» ሲባል ግን አልማዝ የምትባል አክስቱ ትዝ ልትለው ትችላለች። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ሥር የተደነገገው ደንብም፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር፣ ሕክምና ሰጪዎች ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ይከለክላል።