ከቤቱ በፊት የለቀቀው ቋንቋ፦ «ሙቪንግ አውት» እና የዘገየ ተመልካቹ

እ.ኤ.አ. በ1983 ለዕይታ የበቃው «ሙቪንግ አውት» በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ፣ ፊትዝሮይ ሰፈር የተቀረጸ አነስተኛ በጀት ያለው ፊልም ነው። ያዘጋጀው ማይክል ፓቲንሰን፣ የጻፈው ደግሞ መምህር የነበረው ጃን ሳርዲ ነው። የጣልያን ስደተኞች ልጅ የሆነው ጂኖ ያደገበትን ሰፈር ሊለቅ ነው፤ ቤተሰቡ በስተምሥራቅ ወዳለው ዶንካስተር ለመግባት ተሰናድቷል። ርእሱ ቤት መልቀቅን ያመለክታል። እኔ ግን በፊልሙ ውስጥ ከቤቱ ቀድሞ የሚለቀው ቋንቋው ነው እላለሁ።

ፊልሙ የወጣበት ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጆሮ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «10 ቢ ኤ» የተባለ የግብር ድንጋጌ፣ በፊልም ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው የወጪውን 150 በመቶ ከሚታክስ ገቢው እንዲቀንስ ፈቀደ። ፊልም በፊልም ላይ ተደራረበ። የሕዝቡን ልብ የገዙት ግን «ጋሊፖሊ» (1981) እና «ዘ ማን ፍሮም ስኖዊ ሪቨር» (1982) ነበሩ፤ አውስትራሊያ ራሷን በጦር ሜዳና በፈረስ ጀርባ ላይ የምታይባቸው። በዚያ ግርግር መሐል የአንድ ስደተኛ ልጅ የሰፈርና የጓዳ ታሪክ ቦታ ጠበበው። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ባብዛኛው ተዋናዩ ቪንስ ኮሎሲሞ የጀመረበት፣ ወይም በኋላ በ«ሻይን» (1996) ለኦስካር የታጨው ሳርዲ ቀድሞ የጻፈው እየተባለ ነው። መነሻ ተብሎ ተመዘገበ፤ በራሱ ሚዛን አልተመዘነም።

ሚዛኑ ያለው በንግግሩ ውስጥ ነው። ወላጆቹ በጣልያንኛ ይናገራሉ፤ ጂኖ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በመቀመጣቸው ተመልካቹ አንድ ረቂቅ ነገር ያስተውላል፦ ልጁ ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል፤ የጎደለው በጣልያንኛ የሚሰጠው መልስ ብቻ ነው።

የሜልበርን ሐበሻ ይህን ከራሱ ማዕድ ያውቀዋል። እናት ጠቅልላ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ስትል ልጅ አፉን ከፍቶ ጉርሻውን ይቀበልና «ቴንክዩ ማም» ይላል። ጉርሻው ገብቷል፤ ቃሉ አልተመለሰም። ጂኖ በሚሰናበተው በዚያው ፊትዝሮይ፣ በአዘርተን ጋርደንስ አራት ባለ 20 ፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ፣ ዛሬ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የኛም ሰው እንደ ጣልያኖቹ አቅሙ ሲፈቅድ የራሱን ቤት ፍለጋ ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ታርኒትና ወደ ሜልተን ይወጣል። ቤት መግዛት እሰየው የሚባልበት ደስታ ነው፤ ዘመድ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል። ቋንቋ ሲለቅ ግን ዕቃ የሚጭን መኪና በር ላይ አይቆምም፤ መቼ እንደሄደ የሚያውቅ የለም። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይህን ድምፅ አልባ ጉዞ፣ ሁሉም ከሚያየው የቤት ጉዞ ጋር አንድ ላይ ማስኬዱ ነው።

ስለዚህ «ሙቪንግ አውት» የጣልያኖች የትናንት ትዝታ ሆኖ መቅረት የለበትም። አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ልጆች አብረው ሊያዩት፣ አይተውም ሊወያዩበት ይገባል። በውይይቱ ላይ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ቢጠይቁ ወላጆቹ በአማርኛ ይመልሱ። ከዚያ ደግሞ ወላጆቹ ይጠይቁና፣ ልጆቹ በአማርኛ እስኪመልሱ ድረስ ሳይቸኩሉ ይጠብቁ።