«ክሊቭ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ

የእንግሊዝኛ ተማሪ ከሚሰናከልባቸው ቃላት አንዱ «ክሊቭ» የሚባለው ግሥ ነው። ይኸው ግሥ በአንድ ስፍራ መሰንጠቅና መፍለጥ፤ በሌላ ስፍራ መጣበቅና ጸንቶ መያያዝ ማለት ይሆናል። በ1611 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ብንመለከት፤ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ባል ከሚስቱ ጋር መጣበቁን፤ በምዕራፍ 22 ደግሞ አብርሃም ለመሥዋዕቱ እንጨት መፍለጡን በዚሁ በአንዱ ግሥ ሲናገር እናገኘዋለን። እንግዲህ «ክሊቭ ማለት ሰነጠቀ» ብሎ ከቃላት ዝርዝር ያጠና ተማሪ፤ የጋብቻውን ቃል ሲተረጕም ባልን ፈላጭ፤ ሚስትን ፍልጥ ሊያደርጋቸው ነው።

የነገሩ ምክንያት የታወቀ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ክሌዮፋን» መሰንጠቅ፤ «ክሊፊያን» መጣበቅ ይባል ነበር። ሁለቱ ልዩ ልዩ ግሦች ሲሆኑ በዘመን ብዛት ድምፃቸው ተቀራርቦ መልካቸው አንድ ሆነ። ይሁን እንጂ መለያ አላጡም። የሚያጣብቀው «ቱ» የተባለውን መስተዋድድ ያስከትላል፤ የሚሰነጥቀው ግን የሚሰነጠቀውን ነገር በቀጥታ ይይዛል። የሥጋ ሻጭ ከባድ ቢላዋ «ክሊቨር» መባሉም ከዚሁ ከሰንጣቂው ነው።

በዚህ የሚደነቅ ሰው ቢኖር ወደ ገዛ ቋንቋው ይመልከት። በግእዝ «ሰፈየ» በመርፌ ገጣጠመ፤ «ሰፍሐ» ተዘረጋ ማለት ነው። በአማርኛ ግን የሁለቱም መጨረሻ ፊደል ወድቆ «ሰፋ» ሆነው ቀሩ። «ልብሱን ሰፋው» ስንል ልብስ ሰፊው ቍራጩን ከቍራጭ አጋጠመው ማለታችን ነው፤ «ልብሱ ሰፋው» ስንል ግን ልብሱ ከለባሹ ገላ በለጠ ማለታችን ነው። ሁለቱን የለየች አንዲት «ን» ናት። በዚህች ነገር የሚሳሳት የአማርኛ ተናጋሪ ሕፃን የለም፤ ቃሉን የተማረው ከነጓደኞቹ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነውና።

ስለዚህ ነቀፌታችን በአጠናን ልማዳችን ላይ ነው። ለአንዱ የባዕድ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል አጋብቶ በቃል መያዝ ድካምን ይቀንስ ይመስላል፤ ነገር ግን በአማርኛ እንጨት ይፈለጣል፤ እንጀራ ይቈረሳል፤ ጨርቅ ይቀደዳል፤ ገመድ ይበጠሳል። ይህን ሁሉ በ«ሰነጠቀ» ብቻ የሚተረጕም ሰው እንግሊዝኛውን ሳያውቅ አማርኛውን ያጣል። መምህራን አዲስ ግሥ ሲያስተምሩ ቢያንስ ሁለት ዐረፍተ ነገር አብረው ቢሰጡ፤ ተርጓሚም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ከግሡ በኋላ የሚመጣውን ቢያይ፤ ብዙ ስሕተት ከመጻፉ በፊት ይቀራል።