የዓመቱ ዋናተኛና ባንዲራው

በውሃ ዋና ስፖርት ዳኛው ሰዓት ነው። ዋናተኛው የገንዳውን ግድግዳ በጣቱ በነካበት ቅጽበት ኤሌክትሮኒኩ ሰዓት እስከ ሰከንድ መቶኛ ድረስ ቆጥሮ ፍርዱን ይሰጣል፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ሰዓቱ ሁሉንም ከተናገረ በኋላ ታዲያ በየዓመቱ መጨረሻ «የዓመቱ ምርጥ ዋናተኛ» ብሎ መሸለም ምን ይጨምራል?

ጥያቄው በተለይ ስዊሚንግ ወርልድ የተሰኘውን የአሜሪካ መጽሔት ይመለከታል። መጽሔቱ ይህን ማዕረግ መስጠት የጀመረው በ1964 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች በዚያው ዓመት የቶኪዮ ኦሊምፒክ አራት ወርቅ ያጠለቀው ዶን ሾላንደርና ሦስት ወርቅ ያገኘችው ሻሮን ስታውደር ነበሩ። የዓለሙ ማዕረግ ብቻውን አልቆየም፤ በኋላ ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓ፣ ለፓስፊክ ዙሪያ አገሮችና ለአፍሪካ የየራሳቸው ማዕረግ ተከትሎታል።

ሽልማቱ የሚጨምረው ነገር መኖሩን መካድ አይቻልም። የ100 ሜትር የደረት ቀዘፋ ከ1500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ጋር በሰዓት አይመዘንም። ከዚህም በላይ ሰዓት ራሱ የሚያሳስትበት ዘመን አለ። በ2009 የሮም ዓለም ሻምፒዮና ዋናተኞች ከፖሊዩሬታን የተሠሩ፣ ውሃ የማያስገቡና ገላን የሚያንሳፍፉ ልብሶች ለብሰው 43 የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበሩ። ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማይክል ፌልፕስን በሰፊ ልዩነት ሲቀድም 1:42.00 አስመዘገበ። ልብሶቹ በ2010 መጀመሪያ ታገዱ። የመጽሔቱ የ2009 የዓለም ማዕረግ ግን ለተሸነፈው ለፌልፕስ ተሰጠ። ይህ ተገቢ ፍርድ ነበር። ሰዓቱ ልብሱንና ሰውየውን አንድ ላይ ሲቆጥር፣ መራጮቹ ልብሱን ከሰውየው ለይተው አይተዋል። ሽልማት ለሰዓት የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መመዘኑ ለካርታና ለባንዲራ ሲተው ነው።

የ2008ን የሴቶች ውጤት እንመልከት። አውስትራሊያዊቷ ስቴፋኒ ራይስ በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ ወስዳ የዓለሙን ማዕረግ አገኘች። ዚምባብዌያዊቷ ከርስቲ ኮቨንትሪ ደግሞ የአፍሪካ ተባለች። በ400 ሜትር ቅይጥ ቀዘፋ ራይስ በ4:29.45 ስትጨርስ ኮቨንትሪ በ4:29.89 ተከተለቻት፤ በ200 ሜትሩ ራይስ 2:08.45፣ ኮቨንትሪ 2:08.59። በሁለቱ ውድድሮች ተደምሮ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከስድስት አሥረኛ ሰከንድ በታች ነው። ኮቨንትሪ በዚያው ኦሊምፒክ የ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋን በ2:05.24 በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፋለች፤ የ100 ሜትሩን ክብረ ወሰን በግማሽ ፍጻሜው ሰብራ በፍጻሜው ብር ወስዳለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በማንቸስተር በተካሄደው የ25 ሜትር ገንዳ የዓለም ሻምፒዮና አራት ወርቅ ነበራት።

ራይስን መምረጥ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ ሦስት ወርቅ ከአንድ ወርቅና ከሦስት ብር ይበልጣል ቢባል የሚያስኬድ ነው። የሚያሳዝነው ኮቨንትሪ በዚያ ዓመት በየትኛው ረድፍ እንደተጻፈች ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነች ሴት በ«አፍሪካ» ረድፍ ስትቀመጥ፣ ስሙን የሚያነብ ሰው ከማን ጋር ተወዳድራ እንዳሸነፈች ምንም አይረዳም። ማዕረጉ ያከብራታል፤ ወዲያውም ከዋናው ክርክር ገለል ያደርጋታል። እርግጥ ነው፣ አፍሪካዊ ስም ከዓለሙ ረድፍ ፈጽሞ አልጠፋም። በ1996 አትላንታ ሁለቱንም የደረት ቀዘፋ ወርቆች ጠቅልላ የወሰደችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ፔኒ ሄይንስ የዓለሙን ማዕረግ አግኝታለች። ይሁንና አንድ ሄይንስ መኖሯ የረድፉን አሠራር አይለውጠውም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ንጽጽሩ ሩቅ አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የዓመቱን ምርጥ አትሌት ሲመርጥ በ1998 ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ በ2004 እና በ2005 ቀነኒሳ በቀለን፣ በ2007 መሠረት ደፋርን፣ በ2015 ገንዘቤ ዲባባን፣ በ2016 አልማዝ አያናን «የዓለም» ብሎ ሰየመ። የቆጂና አሰላ ያፈሯቸው ሯጮች «የአፍሪካ ምርጥ» ተብለው ቢቀሩ ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ሙገሳ ትቀበለው ነበር ማለት ያስቸግራል።

የክፍለ ዓለሙ ማዕረግ ተከራካሪዎች አፍሪካ ገንዳ ስለሌላት ማበረታቻ ያስፈልጋታል ይላሉ። ክርክሩ ቅን ነው፤ ግን የቀረበው ለማን ነው? ኮቨንትሪ ሐራሬ ተወልዳ የበሰለችው አላባማ በሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ነው። በቤጂንግ የ100 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ ማጣሪያ 51.14 ዋኝቶ ለጊዜው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የያዘውና በፍጻሜው አምስተኛ የወጣው ኬንያዊው ጄሰን ደንፎርድ የስታንፎርድ ተማሪ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ የ1500 ሜትር ወርቅ የወሰደው ቱኒዝያዊው ኡሳማ መሉሊም ካሊፎርኒያ የሠለጠነ ነው። ባንዲራው የአፍሪካ፣ ገንዳው የአሜሪካ። ማበረታቻው ገንዳ ለሌለው ልጅ ከሆነ የደረሰው ገንዳ ላገኙት ነው።

ገንዳ ያላገኘው ሰው የታየው በ2016 ሪዮ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊው ሮቤል ኪሮስ፣ ሚኒማ ላልደረሱ አገሮች በሚሰጠው ኮታ ገብቶ፣ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1:04.95 ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻው ሆነ፤ ካይል ቻልመርስ ወርቁን የወሰደው በ47.58 ነበር። ዓለም በሰውነቱ ቅርጽ ተሳለቀ። በኮቨንትሪና በሮቤል መካከል ያለውን ርቀት «አፍሪካ» የሚለው አንድ ቃል ይሸፍነዋል እንጂ አያሳየውም። በ2021 በቶኪዮ፣ ለፍጻሜው በመጨረሻ ሰዓት አልፎ በስምንተኛው መስመር የዋኘው የ18 ዓመቱ ቱኒዝያዊ አሕመድ ሐፍናዊ 400 ሜትሩን በ3:43.36 ሲያሸንፍ ተንታኞች የተደነቁት አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ በክፍለ ዓለም የተከፋፈለ ዝርዝር የለመደ ዓይን ከዚያ መስመር አሸናፊ አይጠብቅም።

ባንዲራ በሰው ፋንታ ሲመዘን የከፋው ምሳሌ ግን ሌላ ቦታ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጽሔቱ ኮርኔሊያ ኢንደርንና ክሪስቲን ኦቶን የመሳሰሉ የምሥራቅ ጀርመን ሴቶችን ደጋግሞ ሸልሟል። በ1976 ሞንትሪያል ከ13 የሴቶች ውድድሮች 11ዱን የወሰዱት እነርሱ ነበሩ። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ባባሾፍ ጥርጣሬዋን በግልጽ በመናገሯ «ኮስታራዋ ሸርሊ» ተብላ በጋዜጦች ተዘለፈች። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ የመንግሥቱ ሰነዶች እውነቱን አወጡት፤ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ቫይታሚን ነው እየተባሉ ኦራል ቱሪናቦል የተባለ የወንድ ሆርሞን ውላጅ ይሰጣቸው ነበር። በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን አለቃ ማንፍሬድ ኤቫልድንና ሐኪሙን ማንፍሬድ ሆፕነርን ጥፋተኛ አለ። በ2013 መጽሔቱ የሴቶቹን ማዕረግ ሰረዘ።

ለባባሾፍና ለመሰሎቿ መሰረዙ የዘገየ ፍትሕ ነው፤ ሊቃወመው የሚችል የለም። ግን የተሰረዘው የማን ስም ነው? ክኒኑን ያዘዘው ሐኪም በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ክኒኑን የዋጠችው ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ሲሸልም ባንዲራውን ያላየ ዝርዝር፣ ሲሰርዝ ከባንዲራው በስተቀር ያየው የለም። ስሞቹን በቦታቸው ትቶ የሆነውን ከጎናቸው መጻፍ ይቻል ነበር፤ አንባቢ ባባሾፍንም ኢንደርንም በአንድ ገጽ ያነብ ነበር፣ የኤቫልድም ስም ሊገኝበት ይገባ የነበረው እዚያው ነው።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በበኩሉ የሞንትሪያልን ሜዳሊያዎች ሳይነካ ትቷቸዋል። በመጋቢት 2025 ይህ ኮሚቴ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ። የተመረጠችው ከርስቲ ኮቨንትሪ ነች፤ የሞንትሪያል መዝገብም አሁን በእርሷ ቢሮ ሥር ነው።