ድምፁን ዘግቶ መቁረጥ

መቀሌ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ከደንበኛው በቅድሚያ የሚሰማው ጥያቄ «የትኛውን ዘፈን ታስገባበታለህ?» የሚል ነው። እኔ ዘፈኑን የማስገባው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ድምፅ እዘጋለሁ። ከበሮው፣ እልልታው፣ የሚዜዎቹ ጫጫታ ጠፍቶ ምስሉ ብቻውን ሲቀር የትኛው ሾት በራሱ እንደቆመ፣ የትኛው ደግሞ በጓይላው ዜማ ታዝሎ እንደመጣ ይለያል።

ልማዱን የወሰድኩት ከድምፅ አልባው ዘመን ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1920ዎቹ ማብቂያ ድረስ ተዋናይ ስለ ኀዘኑ ማውራት አይችልም፤ ቢበዛ በሾቶች መካከል አጭር ጽሑፍ ይገባል። ስለዚህ ኀዘኑን እጅ፣ በር፣ ባዶ ወንበር እንዲናገሩት አደረጉ። የአዲስ አበባ ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ያሳይ የነበረውም እንዲህ ያለውን ፊልም ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የሩሲያዊው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ሙከራ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የአንድን ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳሕን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ፊቱ ያው ነው፤ ተመልካቹ ግን ረሃብ፣ ኀዘን፣ ፍቅር አየበት። ይህ በየሠርጉ ይገጥመኛል። የሙሽራዋ አባት ዝም ብለው የሚመለከቱበት አንድ ሾት አለ። ከጭፈራው ቀጥሎ ሳስገባው ደስ ያላቸው ይመስላሉ፤ መኪናው ልጃቸውን ይዞ ከግቢው ከወጣ በኋላ ሳስገባው ልባቸው የተሰበረ። የእሳቸው ቅንድብ እንኳ አልተነቃነቀም። የቱ ነው እውነቱ? እዚህ ላይ ኤዲተር ኅሊና ሊኖረው ይገባል፤ እኔ በቀረጻው ቅደም ተከተል እተወዋለሁ።

ቻርሊ ቻፕሊን ፊልም መናገር ከጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ «ሲቲ ላይትስ»ን ያለ ንግግር ሠራ። ዓይኗ የበራላት አበባ ሻጭ ውለታ የዋለላትን ሰው የምታውቀው እጁን ስትዳስስ ነው። ማይክራፎን ቢያስገባ ኖሮ ያ እጅ ምን ይሠራ ነበር?

ከእኛም ፊልም ሠሪዎች ኃይሌ ገሪማ ምስል ያለ ንግግር እንደሚናገር ገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ጥቁርና ነጩ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬውን ድካም በብዛት የሚነግረን በሥራው ነው። የዛሬዎቹ ብዙ ፊልሞቻችን ግን ሁለት ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጠው የጸባቸውን ምክንያት ያስተርኩናል። ሬዲዮ ነው እንጂ ፊልም አይደለም።

ሙዚቃ ጠል አይደለሁም፤ በድምፅ አልባው ዘመንም ሲኒማ አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ነበር። ግን የምንሠራው ቪዲዮ ባሕር ማዶ ላሉ ዘመዶች ይላካል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ትግርኛ አይሰሙም። ሽማግሌው የመረቁት ምርቃት ያልፋቸዋል። ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ስትስም፣ የእናትየው ጣቶች የነጠላውን ጥለት ጨብጠው አልለቅ ሲሉ ግን ያያሉ። በአንድ ሠርግ ላይ ይህን ሾት ከስድስት ሰከንድ ወደ ሁለት አሳጥሬ ለዘፈኑ ምት ላስማማው እችል ነበር፤ ሙሉውን ተውኩት።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዘፈን ከመምረጣችሁ በፊት ሥራችሁን አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት። የሚሰለቻችሁ ቦታ ካለ እዚያው ቁረጡ።