አንዳንዴ ብቻ እምቢ የምትል መኪና

ጋራዥ ከሚመጡ ብልሽቶች የሚከብደኝ ጨርሶ የጠፋ መኪና አይደለም። ጨርሶ ለጠፋው ቴስተር ይዤ ከባትሪው እጀምራለሁ፤ ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ኤሌክትሪኩ የቀረበት ቦታ መድረሴ አይቀርም። የሚከብደው ጠዋት ያለ ምንም ችግር ተነስቶ፣ ቀትር ላይ ማደያ ውስጥ እምቢ ብሎ፣ ተጎትቶ እኔ ዘንድ ሲደርስ በመጀመሪያው ቁልፍ የሚነሳው ነው። ባለ መኪናው ያፍራል። «እውነቴን ነው፣ አሁን አልነሳም ብሎኝ ነበር» ይላል። አምነዋለሁ። ብልሽቱን በዓይኑ ያየው እሱ ብቻ ስለሆነ እሱን ካላመንኩ የምጀምርበት ነገር የለኝም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው። መኪናው ደህና በሆነበት ሰዓት የተቀየረ ዕቃ ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ባትሪ ይቀየራል፤ መኪናው ሁለት ሳምንት ደህና ይሄዳል። ሳይነካም ቢሆን ሁለት ሳምንት ይሄድ ነበር። ከዚያ እንደገና እምቢ ሲል ሞተሪኖ ይቀየራል፣ ቀጥሎ የቁልፉ ማብሪያ፣ ቀጥሎ ዲናሞ። በእኔ እምነት እምቢ ባለበት ቅጽበት ያልተለካ መኪና ላይ ዕቃ መቀየር ጥገና ሊባል አይገባውም። ሥራው ብልሽቱ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ሲመጣ መያዝ ነው።

ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት እጠይቃለሁ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ነው ወይስ አድሮ? ከዝናብ በኋላ ነው? ዳገት ላይ ቆሞ ነው? ቁልፉን ስታዞር ምን ሰማህ? የዳሽቦርዱ መብራትስ ምን ሆነ? በቅርቡ ሌላ ቦታ ምን ተሠራለት? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከቴስተር ይበልጣል፤ ካምቢዮ ወርዶ የተገጠመለት መኪና ወይም አዲስ አላርም የገባለት መኪና ከየት እንደምጀምር አስቀድሞ ይነግረኛል።

ሰው ሁሉ «አልነሳም አለ» ይላል፤ ግን ሁለት ፍጹም የተለያዩ ብልሽቶች አሉ። አንዱ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ጨርሶ የማይሽከረከርበት ነው። ሌላው ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያሽከረከረው ሞተሩ ግን የማይቀጣጠልበት። የመጀመሪያው የባትሪ፣ የካቦ፣ የሞተሪኖና ለሞተሪኖ ትእዛዝ የሚያደርሰው ቀጭን ሽቦ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የነዳጅ፣ የካንዴላና የሴንሰር። ሁለቱን ሳይለዩ ሥራ መጀመር ቀኑን ሙሉ የተሳሳተ ቦታ መፈለግ ነው።

ሞተሩ የማይሽከረከረውን እናስቀድም። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ አለ፤ ማንኛውም ባለ መኪና ሊያደርገው ይችላል። የውስጡን መብራት ወይም የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን ወደ ማስነሻው አዙሩ። መብራቱ ክፉኛ ከደከመ ሞተሪኖው ኃይል እየጠየቀ ባትሪው መስጠት አቅቶታል፤ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተይዟል። መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ጥርጣሬዬ የባትሪው ማሰሪያ ላይ ነው፤ ላልቶ ወይም በነጭ ዝገት ተሸፍኖ ለትንሽ መብራት የሚበቃውን ያሳልፋል፣ ለሞተሪኖ የሚያስፈልገውን ግን አይችልም። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ ደምቆ ከቀጠለ ደግሞ ሞተሪኖው ኃይል አልጠየቀም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወይ ትእዛዝ አልደረሰውም ወይ ደርሶት ውስጡ አልተገናኘም። በዚህ ጊዜ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ድምፁም ይናገራል። ፈጣን «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ነው። አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሐሳቤ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ጨርሶ ዝም ካለ ወደ ትእዛዙ ሽቦ።

አንዷ «ጠቅ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በቶዮታ በሞላ ከተማ በየቀኑ የሚያጋጥመን እሷ ናትና። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ያለው የዴንሶ ሞተሪኖ ሶሌኖይዱ ውስጥ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉት። ቁልፍ ሲዞር ከመዳብ የተሠራ ክብ ዲስክ የያዘ ፒስተን ይሳብና ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ ያን ጊዜ የባትሪው ሙሉ ኃይል ወደ ሞተሪኖው ይፈስሳል። በእያንዳንዱ ማስነሳት ትንሽ ብልጭታ መዳቡን ትበላዋለች፤ ሁለቱንም እኩል አትበላቸውም። ከዓመታት በኋላ ዲስኩ አንዱን እየነካ ሌላውን ይስታል። «ጠቅ» የሚለው ፒስተኑ ነው፤ ሥራውን ሠርቷል፣ መዳቡ ግን አልተነካካም። ዲስኩ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ በየጊዜው ጥቂት ይዞራል። ስለዚህ ባለ መኪናው አራት አምስት ጊዜ ሲሞክር ወፈር ያለው ጎን ይደርስና መኪናው ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ይህን ለማያውቅ ሰው መኪናው አመለኛ ይመስለዋል። ለሚያውቅ ሰው የመዳቦቹ ዋጋ ከሙሉ ሞተሪኖ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ሞተሪኖው ሌላ ችግር ሳይኖርበት ሙሉውን አስወጥቶ ያገለገለ ሞተሪኖ መግጠም አሳዝኖኝ ያውቃል፤ የተገዛው ሞተሪኖም መዳቡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ካቦዎች። 12.6 ቮልት የሚያሳይ ያረፈ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው። ሰዎች ይህን ለክተው «ባትሪው ደህና ነው፣ ካቦውም 12.6 ያደርሳል» ይላሉ። ቴስተር ግን ምንም ያህል ኃይል አይጠይቅም። ካቦው ውስጥ አንድ ዘለላ ሽቦ ብቻ ቢቀር እንኳ ቴስተሩ 12.6 ያነባል። የትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር ሊስብ ይችላል። 150 አምፔር በ0.01 ኦም ዝገት ውስጥ ሲያልፍ 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። 0.01 ኦም ተራ ቴስተር ሊለካው የማይችል፣ በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

ስለዚህ የምለካው ሞተሪኖው እየሠራ ሳለ ነው። የቴስተሩን አንድ እጅ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ላይ አደርጋለሁ፤ ረዳቴ ቁልፉን ያዞራል። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ መንገዱ ላይ ኃይል የሚቀር ነገር አለ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል፤ እዚህ ከ0.2 ወይም 0.3 ካለፈ ማሳው ደካማ ነው። ማሳ ብዙ የሚረሳ ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው ቀዩን ካቦ ያያል። ኤሌክትሪኩ ግን መመለሻ ይፈልጋል፤ ከሞተሩ ወደ ባትሪና ወደ ቦዲ የሚሄደው ካቦ ዘይት፣ ጭቃና የክረምት ውሃ ሲጫወትበት ይኖራል። የሞተሪኖው ካርቦን ያለቀበትም አለ፤ ያ ሞተሪኖውን በእንጨት መታ ሲያደርጉት ይነሳል። መምታቱ ጥገና አይደለም፣ ምርመራ ነው፦ ተመትቶ ከተነሳ ሞተሪኖው መውረድ አለበት።

ሙቀት እነዚህን ደካማ ቦታዎች ሁሉ ያጋልጣል። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ተቃውሞው ይጨምራል። ከ20 ወደ 80 ዲግሪ የሞቀ የሶሌኖይድ ጥቅል ሩብ ያህል ተቃውሞ ጨምሯል ማለት ነው፤ በዚህም የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል። ወደ አዋሽ ወርዶ ለምሳ የቆመ መኪና እምቢ ብሎ፣ ሲበርድ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጨርሶ ዝም የሚለው መኪና ሌላ ጉዳይ ነው። ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ትእዛዝ የምታደርስ ቀጭን ሽቦ በብዙ በር ታልፋለች፦ የቁልፉ ማብሪያ፣ በአውቶማቲክ መኪና የማርሹ ማብሪያ፣ በአንዳንድ ማንዋሎች የፍሪሲዮን ፔዳል ማብሪያ፣ ሪሌ። አውቶማቲክ መኪና ፒ ላይ እምቢ ብሎ ኤን ላይ ከተነሳ የማርሹ ማብሪያ ራሱን አጋልጧል። እኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር አለ፤ ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመ አላርም። ብዙዎቹ የሚሠሩት የሞተሪኖውን ትእዛዝ ሽቦ ቆርጠው መሐሉ ላይ ትንሽ ሪሌ በማስገባት ነው። ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ይጠቀለላል። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ከዳሽቦርዱ ሥር ያ ሪሌ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

እነዚህን ሁሉ በሮች አንድ በአንድ ፈትቶ መገጣጠም ይቻላል፤ ግን ሲፈታ የላላው ይጠብቅና ብልሽቱ ለጊዜው ይጠፋል። እኔ የምወደው መንገድ አምፖል ነው። አንዲት የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል ወስጄ አንዱን ጫፍ ሞተሪኖው ላይ ካለችው ቀጭን የትእዛዝ ሽቦ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጋቲቭ አገናኝና፣ ሽቦዬ ላይ ፊውዝ አድርጌ አምፖሏን ሾፌሩ ፊት እለጥፋለሁ። ከዚያ መኪናውን ይዞ ይሂድ። «እምቢ ሲልህ አምፖሏን እይ፤ በርታ ነበር ወይስ ጠፍታ? እሱን ብቻ ንገረኝ» እለዋለሁ። በርታ ሞተሪኖው ዝም ካለ ትእዛዙ ደርሷል፤ ጥፋቱ ሞተሪኖው፣ ወፍራሙ ካቦ ወይም ማሳው ነው። ካልበራች ጥፋቱ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ባሉት በሮች ነው። የፍለጋው ግማሽ በአንድ ጊዜ ይወድቃል።

አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሾፌር ባትሪና ሞተሪኖ ካስቀየሩ በኋላ እንዲህ አድርጌላቸው ሄዱ። በሳምንቱ ደወሉ። «ልጄ፣ በራች! መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም።» «እንዳይነኩት ጋሼ፣ ባሉበት ይቁሙ» ብዬ ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። የማሳው ካቦ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ቡሎን ካምቢዮ ሲሠራ ወልቆ፣ መቀመጫው ሳይጸዳ ተመልሶ ታስሯል። ቁልፍ ሲዞር 3 ቮልት ያህል እዚያ ይቀራል። በብረት ብሩሽ ጸዳ፣ ጠበቀ፣ ንባቡ ወደ 0.1 ወረደ። የተቀየሩት ባትሪና ሞተሪኖ ምንም አላጠፉም ነበር።

የሚሽከረከረው ግን የማይቀጣጠለው መኪና ላይ አጭር እላለሁ። ሞቆ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ የሚነሳ ከሆነ የክራንክሻፍት ሴንሰሩን ቀድሜ እጠረጥራለሁ፤ ስካነር አስገብቼ ሞተሩ እየተሽከረከረ ሳለ የሞተር ዙሩ ዜሮ ላይ ከቀረ ጥርጣሬዬ ይጠናከራል። የ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሆንዳዎች ዋና ሪሌ ውስጡ ያለው ብየዳ እየተሰነጠቀ በፀሐይ ቀን እምቢ ማለቱ በሙያው የታወቀ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ገብቶ የጥበቃዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ካላቆመች መኪናው የቁልፉን ቺፕ አላወቀውም። ሞተሪኖው የማያዞረውን መኪና ግን ስካነሩ ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ በተለይ በድሮዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ ወፍራሙን ካቦ አይከታተልምና ኮድ አይመዘግብም። «ማሽኑ ምንም አላሳየም» ማለት «መኪናው ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ለወጣት ባለሙያዎች አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ሞተሪኖውን በካቻቢቴ ከማገናኘታችሁ በፊት ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ መሆኑን በራሳችሁ እጅ አረጋግጡ። እኛ አገር ሰው ማንዋል መኪናውን ማርሽ አስገብቶ ያቆማል፤ ማርሽ የገባ መኪና ሲገናኝ ወደፊት ይዘልላል፣ ፊቱ የቆመው ደግሞ እናንተ ናችሁ። ከሌላ መኪና በካቦ ስታስነሱም የመጨረሻዋን የኔጋቲቭ መያዣ ባትሪው ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ አድርጉ፤ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጂን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል።

ኢትዮጵያ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነዳጅ መኪና ማስገባትን ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል፤ ስልኩ ግን አልቆመም። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው ሊነቃ እምቢ ይላል። እነዚህም ውስጥ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሮቹን የምታነቃው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የምታሠራው እሷ ናት። እሷ ከደከመች ትልቁ ጉልበት ተቆልፎበት ይቀራል። ያው ቴስተር፣ ያው ማሰሪያ ማጽዳት እዚህም ይሠራል። ብርቱካናማ ካቦዎቹን ግን ያልሠለጠነ እጅ አይንካቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚያልፍባቸው።

ባለ መኪኖች፣ መኪናችሁ ሲያስቸግር ደጋግማችሁ ቁልፍ አታዙሩ። መጀመሪያ መብራት አብሩ፣ በስልካችሁ ዳሽቦርዱንና ድምፁን ቅረጹ፤ ሞተሩ ሞቆ እንደነበር፣ የት እንደቆማችሁ ጻፉ። ጋራዥ ስትደርሱም «ምን ዕቃ ልቀይር?» ከማለት «ምን ለክተህ አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለመፈለጉም እንደ ዕቃው ሁሉ ክፈሉ።